መሐል ላይ የቆመው ምስክር

በ1993 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ በዚያን ጊዜ ተከራይቼ በምኖርበት ሰፈር፣ ከሁለት አዛውንቶች ጋር ሦስተኛ ሆኜ ለሽምግልና ተቀምጬ ነበር። ሽማግሌ ያሰኘኝ ዕድሜዬ አይደለም፤ ጽሕፈቱ ያምራል ተብዬ ነው። ነገሩ የእኅትና የወንድም ነበር። አባታቸው በሕይወት ሳሉ ግቢው ውስጥ ሦስት የሰርቪስ ክፍሎች ተሠርተዋል፤ የተሠሩበት ገንዘብ የመጣው ከጅዳ ነው፤ ላኪዋ እኅትየዋ ናት። እስከዚህ ድረስ ሁለቱም ይስማማሉ። የተጣሉት በመጠኑ ነው። እሷ «አርባ ሺህ ብር ልኬአለሁ» አለች። እሱ «ሃያ ሺህ ቢሞላ ነው» አለ። ገንዘቡ በመንገደኛ እጅ፣ በየጊዜው፣ በጥቂት በጥቂቱ የመጣ ነውና ደረሰኝ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም ማሉ። በቅርብ አውቃቸው ስለነበር አንዳቸውም ውሸታም እንዳልሆኑ ዛሬም ብጠየቅ እምላለሁ።

እንግዲህ ሦስተኛ ምስክር ተፈለገ። ክፍሎቹን የሠሩት ሽማግሌ ግንበኛ ተጠሩ። አሸዋውንም ሲሚንቶውንም ቆርቆሮውንም ያስገዙ እሳቸው ናቸው። ሁለቱ ወገኖች ቀድሞ ያሉትን እንደገና አሉ፤ ግንበኛው ጋቢያቸውን ሰብስበው አዳመጡ፤ ጥቂት አሰቡና «ወደ ሠላሳ ሺህ ግድም ይሆናል» አሉ። ያን ጊዜ በክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ተነፈሰ። እኔም ብዕሬን አንስቼ ሠላሳ ሺህ ብዬ ጻፍኩ። ተፈራረሙ። ቡና ተፈላ። ከሦስታችን አንዳችንም «እንዴት አወቁ?» ብለን አልጠየቅናቸውም።

ይህ ነገር ከብዙ ዓመት በኋላ ተመልሶ የመጣብኝ ስለ ሰማይ ሳነብ ነው። የፊዚክስ ሰው አይደለሁም። ሆኖም ሰዎች የጽንፈ ዓለምን መስፋፋት ሲለኩ የተጣሉት ጠብ ከዚያ ግቢ ጠብ ጋር እጅግ ይመሳሰልብኛል። ለእኔ የሚያስጨንቀው ጥያቄም ያው አንድ ነው፤ ሁለት ሐቀኛ ሰዎች የማይታረቅ ቃል ሲሰጡ፣ ሦስተኛውን ምስክር የምናዳምጠው እንዴት ባለ ልብ ነው?

* * *

ጋላክሲዎች ከእኛ ይርቃሉ፤ በራቁ መጠንም የሚሸሹበት ፍጥነት ይጨምራል። ይህ አያከራክርም። የሚያከራክረው «በምን ያህል?» የሚለው ነው። አንድ ጋላክሲ አንድ ሜጋፓርሴክ፣ ማለትም 3.26 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል፣ በራቀ ቁጥር ፍጥነቱ በሰከንድ ስንት ኪሎ ሜትር ይጨምራል? አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ከዚህ በኋላ 67 ወይም 73 እያልኩ ቁጥር ስጠራ ይህንኑ ማለቴ ነው።

ኤድዊን ሀብል እ.ኤ.አ. በ1929 ቁጥሩን 500 ገደማ ላይ አቆመው። በዚህ ስሌት ቢኬድ ጽንፈ ዓለም ከተጀመረ ሁለት ቢሊዮን ዓመት ያህል ብቻ ይሆነዋል። የምድር ድንጋዮች ግን ከዚያ በላይ ዕድሜ እንዳላቸው ይመሰክሩ ነበር። ልጅ ከእናቱ በለጠ ማለት ነው። በ1952 ዋልተር ባዴ፣ ለርቀት መለኪያ የተያዙት ከዋክብት ሁለት ዓይነት ሆነው ሳለ እንደ አንድ መቆጠራቸውን አሳየና ርቀቱ በአንድ ጊዜ እጥፍ ሆነ፤ ቁጥሩም በግማሽ ወረደ። ክርክሩ ግን አልበረደም። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ አለን ሳንዴጅ 50 ነው ሲል፣ ዤራር ደ ቮኩለር 100 ነው አለ። ሁለቱም ታላላቅ ሰዎች ነበሩ፤ የሚያዩትም ያንኑ አንድ ሰማይ ነው። የሚገርመኝ ሌላው ነው። እያንዳንዳቸው «ብሳሳት በዚህ ያህል ነው» ብለው የሚያጥሩት አጥር የሌላውን ቁጥር ወደ ግቢው የማያስገባ ነበር። ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ አይችሉም፤ ሁለቱም ግን እርግጠኞች ነበሩ።

በ2001 በዌንዲ ፍሪድማን የሚመራው ቡድን፣ በሀብል ስም በተሰየመው የሕዋ ቴሌስኮፕ የዓመታት ሥራውን ጨርሶ 72 አለ፤ 8 ከፍ ወይም 8 ዝቅ ሊል ይችላል ብሎ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ከ50ና ከ100 መሐል! እውነት አንዳንዴ በእርግጥ መሐል ላይ ትገኛለች። ክፉ ልማድ ያስያዘንም ይኸው ይመስለኛል።

ምክንያቱም ጠቡ በሌላ መልክ ተመልሶ መጣ። ዛሬ ሁለት ምስክሮች አሉ። አንደኛው ፕላንክ የተባለው የአውሮፓ መንኮራኩር ነው። ጽንፈ ዓለም 380 ሺህ ዓመት ገደማ ሲሆነው የተለቀቀውን ጥንታዊ ብርሃን መዝግቦ፣ ከዚያ በመነሣት የዛሬው ፍጥነት ስንት መሆን እንዳለበት ይሰላል። በ2018 የወጣው ውጤት 67.4 ነው፤ ስህተቱ ከግማሽ አይዘልም። ሁለተኛው በአዳም ሪስ የሚመራው ቡድን ነው። እሱ የዛሬውን ጽንፈ ዓለም በመሰላል ይለካል። በቅርብ ያሉትን ከዋክብት ርቀት ይዞ፣ በእነሱ ብርሃናቸው እየደመቀ እየደበዘዘ የሚመላለሱትን ሴፌይድ የተባሉ ከዋክብት ይመዝናል፤ በሴፌይዶቹ ደግሞ ሱፐርኖቫዎችን፣ በሱፐርኖቫዎቹ ሩቁን ሰማይ። የዚህ ቡድን የ2022 ቃል 73.04 ነው፤ ስህተቱ አንድ ገደማ። አንደኛው ሕፃኑን አይቶ ሲያድግ ቁመቱ ስንት እንደሚሆን የሚናገር ነው፤ ሁለተኛው ያደገውን ሰው በክንድ የሚለካ። ልዩነታቸው ከመቶ ስምንት ያህል ነው። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ሁለቱም ስህተታችን ብለው ባጠሩት አጥር ካመንናቸው፣ ወይ የመሰላሉ አንድ እርከን ሰንጥቋል፤ ወይ ስለ ጽንፈ ዓለም አስተዳደግ የምናውቀው ጎዶሎ ነው።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል። እዚህ ላይ ያየሁት ግን ሌላ ነው። መለኪያው በጠራ ቁጥር ልዩነቱ አብሮ እየጠራ መጣ።

* * *

ሦስተኛው ምስክር ብርሃን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1986 በርናርድ ሹትዝ የተባለ ሊቅ፣ ገና ማንም አይቶት በማያውቀው የስበት ሞገድ የጽንፈ ዓለምን መስፋፋት መለካት እንደሚቻል ጽፎ ነበር። ሐሳቡን ለማስረዳት ወደ ገጠር ልመለስ።

ደጋ አገር ያደገ ሰው ያውቀዋል። ከገደል ማዶ የሚጣራ ሰው ድምፁ ደክሞ ይደርስሃል። ቢደክምም ግን ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ እየጮኸ መሆኑን ታውቃለህ፤ ቃሉ ይረዝማል፣ ድምፁ ይቀጥናል። አጠገብህ ሆኖ የሚያንሾካሹክ ሰው ድምፁ የዚያኑ ያህል ደካማ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱን አደናግሮ የሚሰማ ጆሮ ግን የለም። ከጩኸቱ ዓይነት ምን ያህል ኃይል እንዳወጣ ትረዳለህ፤ ከደረሰህ ድምፅ ድካም ደግሞ ምን ያህል እንደራቀ። ለዚህ መሰላል አያስፈልግህም፤ የጎረቤትም ምስክርነት አያስፈልግህም። የሚጠራው ሰው ድምፅ ራሱ ይበቃል።

ኒውትሮን ኮከብ የምትባለው የሞተች ትልቅ ኮከብ እምብርት ናት፤ ስፋቷ ከአንድ ከተማ አይበልጥም፣ ክብደቷ ግን ከፀሐይ ይበልጣል። ሁለት እንዲህ ያሉ ኮከቦች እርስ በርስ ሲዞሩ ጠፈሩን ራሱን ያናውጡታል፤ ይህ መናወጥ የስበት ሞገድ ይባላል። ሞገዱ ጉልበት ይዞባቸው ስለሚሄድ ይቀራረባሉ፤ ሲቀራረቡ ይፈጥናሉ፤ ሲፈጥኑ የሞገዱ ዜማ እየቀጠነ ይሄድና በግጭት ያበቃል። ዜማው የሚቀጥንበት ፍጥነት ኮከቦቹ ምን ያህል ኃይል እንደሚያወጡ በትክክል ይናገራል፤ ይህም ከአይንስታይን ቀመር በቀጥታ የሚወጣ ነው። የደረሰን ሞገድ ድካም ደግሞ ርቀቱን ይናገራል። በ2005 ዳንኤል ሆልዝና ስኮት ሂውዝ ስለዚህ ሲጽፉ ለእነዚህ ጥንዶች የወጣላቸው ስም «ሳይረን» ነው። ለአዲስ አበባ ሰው ሳይረን ማለት አምቡላንስ ነው፤ ያም ቢሆን አይከፋም።

ድምፁ የማይነግረን አንድ ነገር አለ። ርቀቱን እንጂ የሚሸሽበትን ፍጥነት አይናገርም። ለዚያ ኮከቦቹ የሚኖሩበትን ጋላክሲ አግኝቶ ብርሃኑ ምን ያህል ወደ ቀይ እንዳዘነበለ ማየት ያስፈልጋል። ስለዚህ ምስክሩ መሰማት ብቻ ሳይሆን መታየትም ነበረበት።

ይህ የሆነው ነሐሴ 11 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ. ኦገስት 17 ቀን 2017፣ ሐሙስ፣ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ከ41 ላይ ነው። እዚህ የፍልሰታ ጾም ነበር። በአሜሪካ፣ በሐንፎርድና በሊቪንግስተን የተተከሉት ሁለቱ የላይጎ ጣቢያዎች አራት አራት ኪሎ ሜትር በሚረዝሙ ክንዶቻቸው 100 ሰከንድ ያህል የቆየ ዜማ ሰሙ። የክንዶቹ ርዝመት የተለወጠው ከአንድ ፕሮቶን ስፋት ከሺህ አንድ እጅ በሚያንስ መጠን ነው፤ ይህን ሳስብ ዛሬም ራሴን እነቀንቃለሁ። የሊቪንግስተኑ መሣሪያ ግጭቱ ሊሆን አንድ ሰከንድ ያህል ሲቀረው በራሱ ምክንያት ተንጫጭቶ ነበርና ኮምፒዩተሩ የዚያን ጣቢያ ቃል አልቆጠረውም፤ ሰዎች በዓይናቸው ሲያዩት ነው ዜማው ከጫጫታው ሥር የተገኘ። ሞገዱ ባበቃ በ1.7 ሰከንድ ፌርሚ የተባለው ሳተላይት የጋማ ጨረር ብልጭታ መዘገበ።

ከሁሉ የወደድኩት ግን በጣሊያን አገር፣ ፒሳ አጠገብ ያለው ቪርጎ የሰጠው ምስክርነት ነው። ቪርጎ ሥራውን ከጀመረ ገና ሁለት ሳምንት ከጥቂት ቀን ነበር። መስማት የሚገባውን ያህል አልሰማም። እያንዳንዱ መሣሪያ እምብዛም የማይሰማበት የሰማይ አቅጣጫ አለውና፣ ቪርጎ ዝም ማለቱ ድምፁ የመጣው በትክክል ከዚያ አቅጣጫ መሆኑን አመለከተ። በዚህ ጠቋሚነት የመፈለጊያው ሰማይ ጠበበ። ከ11 ሰዓት ገደማ በኋላ ቺሊ ውስጥ አንድ ሜትር ስፋት ባለው ስዎፕ በተባለ ቴሌስኮፕ፣ ኤን.ጂ.ሲ. 4993 በተባለ ጋላክሲ ጠርዝ ላይ፣ ቀድሞ ያልነበረ ብርሃን ታየ። ከእኛ ከ130 እስከ 140 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ይርቃል።

አሁን ማካፈል ብቻ ቀረ። ፍጥነቱ፣ ጋላክሲው በሰፈሩ ውስጥ ወዲያ ወዲህ የሚለው ተቀንሶ፣ በሰከንድ 3,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ድምፁ የተናገረው ርቀት 43 ሜጋፓርሴክ ገደማ። ውጤቱ በዚያው ዓመት ታተመ፤ 70።

በ67ና በ73 መሐል። ልክ መሐል ላይ።

* * *

ይህን ባነበብኩ ጊዜ ደስ ሊለኝ ሲገባ ሆዴ ባባ። ግንበኛው ትዝ አሉኝ።

ከሽምግልናው ሁለት ዓመት ቆይቶ ሌላ ሰፈር አጥር ሲገነቡ አግኝቻቸው ነበር። ሻይ ጋበዝኳቸው። ጨዋታ ሳመጣ «አባባ፣ ያን ጊዜ ሠላሳ ሺህ ያሉት በምን ቆጥረው ነው?» አልኳቸው። ሳቁ። «ልጄ፣ ምን ቆጥሬ! እሷም ልጄ፣ እሱም ልጄ። አርባና ሃያ ሲባባሉ ሰማሁ። መሐሉ ሠላሳ አይደል?»

በክፋት አላደረጉትም። የአገሬ ሽምግልና ግማሹን ለአንዱ፣ ግማሹን ለሌላው ሰጥቶ ሰው አብሮ እንዲኖር የሚያደርግ ጥበብ ነው፤ ብዙ ቤት አቁሟል። እኛ ግን የጠራናቸው ለእርቅ ሳይሆን ለምስክርነት ነበር፤ እሳቸውም የሰጡን እርቅ ነው፤ እኛም በምስክርነት መዘገብነው። እኔ ከሰማሁ በኋላ ምን አደረግኩ? ምንም። እኅትየዋ ወደ ጅዳ ተመልሳለች፤ ወረቀቱ ተፈርሟል፤ ነገር መቆስቆስ ይሆናል አልኩ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ያን ወረቀት የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ጥሩ ሽማግሌ ተብዬም ተመስግኜበታለሁ።

እንግዲህ 70ን ሳይ የጠየቅኩት ይህን ነው፤ ይህ ምስክር ከግንበኛው በምን ይለያል?

አንደኛው ልዩነት ግልጽ ነው። ግንበኛው የሁለቱን ቃል ሰምተው ነው የተናገሩት። ሞገዱ ግን ጉዞውን የጀመረው ሰው በምድር ላይ ሳይኖር ነው፤ ስለ ፕላንክም ስለ ሪስም የሰማው የለም። መሰላሉንም አልተደገፈም፤ ጥንታዊውንም ብርሃን አልተደገፈም። ቢሳሳት እንኳ የሚሳሳተው በራሱ ስህተት ነው።

ሁለተኛው ልዩነት የስህተቱ ስፋት ነው። እስካሁን ሆን ብዬ የደበቅኩት ነገር አለ፤ ሳይንቲስቶቹ ያሳተሙት «70» ብቻ አይደለም። 70፣ ወደ ላይ 12፣ ወደ ታች 8 ነው። ማለትም ከ62 እስከ 82። በዚህ ስፋት ውስጥ 67ም አለ፤ 73ም አለ። መሐል ላይ ቆመ ያልነው ምስክር በእርግጥ የቆመው መሐል ላይ ሳይሆን፣ እጁን ዘርግቶ ሁለቱንም ነክቶ ነው። «ከሁለታችሁ ማንኛችሁ ትክክል እንደሆናችሁ ገና አላየሁም» ነው የሚለው። የስፋቱ ዋና ምክንያት ቀላል ነው። ከገደል ማዶ የሚጮኸው ሰው ፊቱን ወደ አንተ አዙሮ ከሆነ ድምፁ ይጎላል፤ ወደ ጎን ዞሮ ከሆነ ይደክማል። ኮከቦቹም እንደዚሁ ናቸው፤ የሚዞሩበትን ሜዳ ከላይ እናየዋለን ወይስ ከጠርዝ? ይህ በደንብ ስላልታወቀ ርቀቱም በደንብ አልታወቀም። በ2019 ሌሎች ሰዎች ከግጭቱ የወጣውን ጭስ መሰል ፍንጥቅ በሬዲዮ ቴሌስኮፖች ተከታትለው አቅጣጫውን ቢያጠሩት ቁጥሩ 70.3 ሆነ፤ ስህተቱም ወደ 5 ጠበበ። ያም ቢሆን ለመፍረድ አይበቃም።

እኛ በ1993 «ወደ ሠላሳ ግድም» የሚለውን ቃል «ሠላሳ» ብለን ጻፍነው። «ግድም»ን የጣልኳት እኔ ነኝ።

* * *

ሦስተኛውን ነገር ልዩነት ለማለት ይቸግረኛል። ሞገዱ ማንንም አልሰማም፤ ሞገዱን የሚያዳምጡት ሰዎች ግን ሁሉን ሰምተዋል። 67ንም ያውቃሉ፤ 73ንም ያውቃሉ፤ አንዳንዱም በልቡ አንዱን ይመርጣል። ከመሣሪያ የሚወጣው ነገር ደግሞ ቁጥር አይደለም፤ ጫጫታ ነው። ጫጫታውን ለማጥራት መቶ ውሳኔ ይወሰናል። በሰው ላይ ያለው ፈተና ያን ጊዜ ነው። ውጤቱ ያልጠበቅነው ሲሆን ስህተት እንፈልጋለን፤ የጠበቅነው ሲሆን መፈለጋችንን እናቆማለን። ማንም አልዋሸም። ብቻ ፍለጋው የቆመው ልብ ባረፈበት ቦታ ነው። እኛም ሦስቱ ሽማግሌዎች ያደረግነው ከዚህ የተለየ አልነበረም፤ ግንበኛው አርባ አምስት ቢሉ ኖሮ «በምን ቆጠሩ?» ማለታችን አይቀርም ነበር።

የስበት ሞገድ ሙያ ራሱ ይህን በመራራ ተምሮታል። ጆሴፍ ዌበር እ.ኤ.አ. በ1969 ትላልቅ የአልሙኒየም ግንዶችን፣ አንዱን ሜሪላንድ፣ ሌላውን ቺካጎ አጠገብ አስቀምጦ፣ ሁለቱ በአንድ ቅጽበት ሲርገበገቡ አየሁ፣ ሞገዱን አገኘሁ አለ። ሌሎች ተመሳሳይ መሣሪያ ሠርተው ምንም አላገኙም። ኋላም የሌላ ቡድን መዝገብ ከእሱ መዝገብ ጋር ገጠመልኝ ባለ ጊዜ፣ የሁለቱ መዛግብት ሰዓት በአራት ሰዓት የሚለያይ ሆኖ ተገኘ። በተለያየ ጊዜ የሆኑትን ነው በአንድ ጊዜ ሆኑ ያለው። ዌበር እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 2000 ድረስ፣ ቃሉን አላጠፈም። ሰውየውን ለመንቀፍ አይደለም ይህን ማንሣቴ፤ እሱ ባይጀምር ላይጎም ባልኖረ ነበር። ውሸታም አልነበረም። ያጣው እውነትን መውደድ ሳይሆን ከራሱ ተስፋ የሚጠብቀው ሰው ነው።

ላይጎዎች ከዚህ ተምረው ያበጁት ዘዴ በሽምግልናም በፍርድ ቤትም አይቼ የማላውቀው ነው። ጥቂት ሰዎች ብቻ በምስጢር የሐሰት ሞገድ ወደ መሣሪያው እንዲያስገቡ ተፈቀደላቸው፤ የቀሩት መቼ እንደሚገባ፣ መግባት አለመግባቱንም አያውቁም። በሴፕቴምበር 2010 ውብ የሆነ ዜማ ተሰማ፤ ከታላቁ ውሻ የኮከብ ክምችት አቅጣጫ ስለመጣ «ትልቁ ውሻ» ብለው ሰየሙት። ብዙ መቶ ሰዎች ለስድስት ወር ያህል መረመሩት፤ ተከራከሩበት፤ ለማሳተም ጽሑፉን ሳይቀር አዘጋጁ። በማርች 2011 ካሊፎርኒያ ውስጥ ተሰብስበው ምስጢሩ ተገለጠ። ሐሰት ነበር። ራሳቸው በራሳቸው ላይ ያስገቡት።

አንዳንድ አንባቢ ይህን ጨዋታ ወይም የገንዘብ ብክነት ሊለው ይችላል። እኔ ግን ስንቱ መሥሪያ ቤት፣ ስንቱ ዳኛ፣ ስንቱ ጋዜጠኛ የስድስት ወር ድካሙን በገዛ እጁ ሊያፈርስ የሚችል ምስጢር ይዞ ለመሥራት እንደሚፈቅድ ራሴን ጠየቅኩ። በ2015 እውነተኛው ሞገድ ሲመጣ ሰዎቹ መጀመሪያ ከጠየቁት አንዱ «ማነው ያስገባው?» የሚል ነበር። ደስታቸውን አቆይተው ጥርጣሬያቸውን አስቀደሙ።

ዓይንን አስሮ መሥራትም አለ። የብርሃንን በትልቅ ጋላክሲ ዙሪያ መጣመምና በተለያየ ሰዓት መድረስ ተጠቅሞ ያንኑ ቁጥር የሚለካ አንድ ቡድን፣ የመጨረሻውን ቁጥር ከራሱ ሰውሮ፣ ውሳኔውን ሁሉ ከጨረሰ በኋላ ነው የሚገልጠው። በ2020 ያወጣው 73.3 ነው፤ ስህተቱም ከሁለት ያነሰ። እንግዲህ ነገሩ አለቀ ሊባል ነው፤ ዓይኑን የታሰረ ሰው ለሪስ መሰከረ። ነገር ግን በዚያው ዓመት ብዙዎቹ እነዚያው ሰዎች ያሉበት ቡድን፣ ስለ ጋላክሲዎቹ ክብደት ሥርጭት ያስቀመጥነው ግምት ጠንካራ አይደለም ብሎ ቢያላላው ስህተቱ ወደ 6 ሰፋ፤ ከሌሎች ጋላክሲዎች የተገኘ ማስረጃ ሲጨመርበት ደግሞ ቁጥሩ ራሱ ወደ 67.4 ወረደ፤ ስህተቱም ከ3 እስከ 4 ሆነ። ዓይንን ማሰር ከአድልዎ ያድናል፤ ከተሳሳተ ግምት አያድንም። እኔን የነካኝ ግን የራሳቸውን ጠባብ አጥር በገዛ እጃቸው ማፍረሳቸው ነው። አጥር ማጥበብ ያስመሰግናል፤ ማስፋት የሚያስመሰግንበት ሙያ እምብዛም አላየሁም።

ይህ ሁሉ ለምን ይጠቅማል የሚለኝ ሰው ይኖራል። የጤፍ ዋጋ 67 ቢሆን 73 ቢሆን አይቀንስም። እውነት ነው። እኔ ግን ማንም የማያተርፍበት ቁጥር ላይ ሰዎች እንዲህ ከተጠነቀቁ፣ ሰው በሚጎዳበት ቁጥር ላይ የእኛ ግዴለሽነት ምን ይባላል እላለሁ።

ምስክሩ ዛሬም ቃሉን አልጨረሰም። በ2018 የወጣ አንድ ስሌት፣ ሃምሳ ገደማ እንዲህ ድምፃቸውም ብርሃናቸውም የተገኘ ግጭቶች ከተሰበሰቡ ስህተቱ ከመቶ ሁለት እንደሚደርስ፣ ያን ጊዜም ለመፍረድ እንደሚቻል ገምቶ ነበር። በ2019 የሌላ ኒውትሮን ኮከብ ጥንድ ድምፅ ተሰማ፤ ብርሃን ግን አልተገኘለትም። ይህን እስከምጽፍ ድረስ እንደ ነሐሴ 11 ያለ፣ ጥርጥር የሌለበት ሁለተኛ አልተጨመረም። ብርሃን የሌላቸውን በርካታ የጥቁር ጉድጓድ ግጭቶች ከነሐሴ 11ዱ ጋር ደምረው፣ ከየትኛው ጋላክሲ ሊመጡ እንደሚችሉ በስሌት እየገመቱ፣ በ2021 ያወጡት 68 ነው፤ ወደ ላይ 8፣ ወደ ታች 6። አሁንም ሁለቱንም ይነካል። ሁለቱ ወገኖች እየጠበቁ ነው።

* * *

ባለፈው ክረምት ለእኅትየዋ ስልክ ደወልኩ። ከጅዳ ከተመለሰች ቆይታለች፤ ናዝሬት ነው የምትኖረው። «እትዬ፣ ያ ሠላሳ ሺህ የተቆጠረ አልነበረም፤ ከሁለታችሁ ቃል መሐሉ የተወሰደ ነው፤ እኔም አውቄ ዝም ብያለሁ» አልኳት። ብዙ ጊዜ ዝም አለች። ተቆጥታ ስልኩን ልትዘጋው ነው ብዬ ነበር።

«እኔስ አርባ ያልኩት በደንብ ቆጥሬ መሰለህ?» አለች በመጨረሻ። «ሠላሳ አምስትም ሊሆን ይችላል፤ አርባ ሁለትም። እሱ ሃያ ሲል ስሰማ ነው አርባ ብዬ የቆረጥኩት። ምን ያህል እርግጠኛ ነሽ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም።»

ቀጥላ «ለመሆኑ ግንበኛው አሉ?» አለችኝ።

«አርፈዋል» አልኳት።

«ነፍስ ይማር» አለች። ስለ ወንድሟ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አላነሣሁባትም።